ኮርነር እንዴት እንከላከል? ከጅማ ሜዳዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ትምህርት ሲዘጋ ጅማ ውስጥ የሰፈር ውድድር ይደራል። ውድድር ሲደራ የኮርነር ጭቅጭቅም አብሮ ይመጣል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች የሰፈርና የትምህርት ቤት ቡድን አሰልጣኞች፣ በረኞች፣ አንዳንዴም ወላጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሱ የተጻፈው በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ተገናኝቶ ለሚለማመድ ቡድን ነው። ለቆመ ኳስ ብቻ አሰልጣኝ የቀጠረ ክለብ ካለ ይህ አይመለከተውም።

ኮርነር ያን ያህል ያስፈራል እንዴ?

በቁጥር ካየነው አያስፈራም። በአውሮፓ ትልልቅ ሊጎች ከመቶ ኮርነር ጎል የሚሆነው ሦስት ወይም አራት ያህሉ ነው። ሌላው በረኛ እጅ ይገባል፣ ተከላካይ ያወጣዋል ወይም ፋውል ይነፋበታል።

ሰፈር ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በረኛው ብዙ ጊዜ ልምድ የለውም። ሜዳው ጠበብ ስለሚል፣ ደህና እግር ያለው ልጅ ሁሉ ኳሷን ጎል አፍ ላይ ያደርሳታል። ትልቁ ችግር ግን ይህም አይደለም። ጎል ከገባብን በኋላ “ማን ነበር የያዘው?” ብለን እንጮሃለን። ኳሷ ከመመታቷ በፊት ይህን የሚጠይቅ ግን የለም። ኮርነር ላይ የሚገባ ጎል አብዛኛውን ጊዜ የቁመት ወይም የጉልበት ጉዳይ አይደለም። ሥራው ምን እንደሆነ ያልተነገረው ልጅ ቆሞ ኳስ ሲያይ የሚገባ ነው።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት አንድ ነገር አድርጉ። የእናንተን እያንዳንዱን ተጫዋች “ኮርነር ሲመታብን ሥራህ ምንድን ነው?” ብላችሁ ጠይቁት። በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልመለሰ ሥራ የለውም ማለት ነው።

ዞን ይሻላል ወይስ ሰው በሰው?

ይህ ክርክር ዲኤስቲቪ ቤትም፣ ቡና ላይም አያልቅም። ሁለቱም ጥሩ ጎን አላቸው፤ ሁለቱም ያስበላሉ።

ሰው በሰው ማለት እያንዳንዱ ተከላካይ አንድ አጥቂ ተረክቦ እሱን ይዞ መዋል ነው። ጥቅሙ ግልጽነቱ ነው። ልጁ ማንን እንደሚይዝ ያውቃል፤ አሰልጣኙም ማን እንዳመለጠው ያውቃል። ችግሩ የሚመጣው አጥቂዎቹ ብልጥ ሲሆኑ ነው። አንዱ ሄዶ የእናንተ ልጅ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ሁለተኛው በጀርባው ሾልኮ ይወጣል። ተከላካዩ ሰው ሲከተል ኳሷን ማየት ይተዋል። ኳሷ ጀርባው ላይ አርፋ ጎል የገባችበት ልጅ በየሜዳው አለ።

ዞን ማለት ደግሞ ሰው ሳይሆን ቦታ መጠበቅ ነው። ዘበኛ ግቢውን ይጠብቃል እንጂ ሌባውን ሲከተል ከተማውን አይዞርም። ዞንም እንደዚያ ነው። ተከላካዩ ፊቱን ወደ ኳሷ አድርጎ ይቆማል፤ ቦታው የመጣችውን ኳስ ይገጫል። መንገድ ላይ በመቆም እሱን ማታለል ይከብዳል። ድክመቱ ዝላይ ላይ ነው። አጥቂው ከሩቅ ሮጦ ሲዘል የእናንተ ልጅ ከቆመበት ይዘላል። ሮጦ የሚዘል ደግሞ ከፍ ይላል። ሌላው ጣጣ በሁለት ቦታዎች መካከል የምትወርድ ኳስ ናት። ሁለቱም “የሱ ናት” ብለው ይተዋታል።

እኔ ለሰፈር ቡድን የምመክረው ድብልቁን ነው። ከበረኛው ውጪ አሥር ልጆች አሏችሁ። ጥሩ ቴስታ ያላቸውን ሦስቱን በ5 ከ50 መስመር (ጎሉ ፊት ባለው ትንሹ ሳጥን መስመር) ላይ ደርድሯቸው፤ ከሁሉ ጥሩው መሃል ይሁን። አንድ ልጅ ከቅርቡ ቋሚ ፊት፣ ሁለት እርምጃ ያህል ወጣ ብሎ ይቁም። እነዚህ አራቱ ሰው አይከተሉም፤ ቦታ ነው የሚጠብቁት። ሌሎች ሦስት ልጆች የተቃራኒውን ሦስት አደገኛ ገጪዎች ይያዙ። የእነዚህ ሥራ ኳሷን ማሸነፍ ሳይሆን አጥቂው በነጻነት ሮጦ እንዳይዘል ማድረግ ነው። አንዱ በ16 ከ50 (በትልቁ ሳጥን) ጫፍ ላይ ቆሞ የሚወጣውን ኳስ ይጠብቅ። አንዱ አጭር ኮርነርን (መቺው ኳሷን ቅርቡ ላለ ጓደኛው ሲያቀብል) ይጠብቅ። አንዱ ፊት ይቅር። አለቀ።

ቅርቡ ቋሚ ፊት ለሚቆመው ልጅ ልዩ ትኩረት ስጡ። የሰፈር ኮርነር አብዛኛው አጥሮ እዚያ ነው የሚወርደው። እዚያ ደፋርና ንቁ ልጅ ካለ ግማሹን ኮርነር ብቻውን ያወጣዋል። እዚያ የሚመደበው ግን ብዙ ጊዜ “ይሄ ሌላ ቦታ አይሆንም” የተባለው ልጅ ነው። ይህን ቀይሩ።

ሰው ስይዝ ኳሷን ልይ ወይስ ሰውዬውን?

ሁለቱንም። የሚቻለው ግን ከቆምክበት ቦታ ነው። በጎሉና በአጥቂው መካከል ቁም። ጀርባህን ለኳሷ አትስጥ፤ ለአጥቂውም አትስጥ። ጎንህን ሰጥተህ፣ አንገትህን ትንሽ ስታዞር ሁለቱም የሚታዩህ ቦታ አለ። እሱን ፈልግ።

እጅህ እንዴት ይሁን? ክንድህ አጠፍ ብሎ የአጥቂው ደረት ወይም ጎን አጠገብ ይሁን። ሲንቀሳቀስ በክንድህ ታውቀዋለህ፤ ዓይንህ ኳሷ ላይ ሊሆን ይችላል። ጣቶችህ ግን አይጨበጡ። ማሊያ የያዘ እጅ ከሩቅ ይታያል። ማሊያው ተለጥጦ እንደ ድንኳን ሲወጠር ደግሞ ረዳት ዳኛውም ሜዳ ዳር የቆመውም ሁሉ ያየዋል።

አጥቂው መሮጥ ሲጀምር አብረህ አትሩጥ፤ መንገዱ ላይ ቀድመህ ግባ። አንድ እርምጃ ካጓተትከው ዝላዩ ይበላሻል። ሙሉ ሥራህ እሷ አንድ እርምጃ ናት።

ማሊያ ብይዝ ፔናሊቲ ነው?

ኳሷ ጨዋታ ላይ ከሆነችና በራስህ 16 ከ50 ውስጥ ከያዝክ፣ አዎ፣ ፔናሊቲ ነው። ኳሷ ከመመታቷ በፊት ከያዝክ ግን ዳኛው ፔናሊቲ ሊሰጥ አይችልም። ጨዋታው ገና አልጀመረማ። ያስጠነቅቅሃል፣ ካስፈለገም ቢጫ ያሳይሃል፤ ከዚያ ኮርነሩ ይመታል። ስለዚህ ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ ሁለታችሁን ጠርቶ ሲያናግር ምልክቱ ገብቶህ እጅህን ሰብስብ። ከዚያ በኋላ ብትይዝ ልቅሶው የራስህ ነው።

ቋሚዎቹ ላይ ሰው እናቁም?

ድሮ ሁለቱም ቋሚ ላይ ሰው ማቆም ግዴታ ይመስል ነበር። አሁን ብዙ ትልልቅ ቡድኖች አንድ ብቻ ያቆማሉ፤ ጨርሶ የማያቆሙም አሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቋሚ ላይ የቆመ ልጅ የአየር ላይ ፍልሚያው ውስጥ የለም። ደግሞም ኳሷ ወጥታ ተመልሳ ስትመጣ እሱ ከጎሉ መስመር ካልወጣ አጥቂዎቹን ሁሉ ከኦፍሳይድ ነጻ ያደርጋቸዋል።

ግን እዚህ ላይ ትልልቆቹን ዝም ብሎ መቅዳት አይሠራም። በረኛችሁ አሥራ አራት ዓመቱ ሆኖ አግዳሚውን ዘሎ የማይነካ ከሆነ፣ ጎሉ 7 ሜትር ከ32 ስፋትና 2 ሜትር ከ44 ከፍታ አለው፤ ይሰፋበታል። እንዲህ ከሆነ ሩቁ ቋሚ ላይ አንድ ልጅ አቁሙ። ፊት የሚቀረውን ልጅ መልሳችሁ አምጡት። ወደ ጎል የምትታጠፍ ኳስ በረኛውን አልፋ የምትወርደው እዚያው ነው።

ኳሷ ወደ ጎል እንደምትታጠፍ ወይም እንደምትሸሽ በምን ቀድመን እናውቃለን?

በረኛው ይወቅበት። ፊቱን ወደ ሜዳው አድርጎ ሲቆም ኮርነሩ በቀኙ በኩል ከሆነና መቺው በቀኝ እግሩ ከሆነ ኳሷ ወደ ጎል ትታጠፋለች። በግራው በኩል በግራ እግር ቢመታም እንዲሁ። ጎኑና እግሩ ከተለያዩ ኳሷ ከጎል ትሸሻለች።

ወደ ጎል የምትታጠፈው ትንሽ ንክኪ ይበቃታል። ማንም ሳይነካት ልትገባም ትችላለች። ስለዚህ በረኛው ወደ መስመሩ ይጠጋ፤ ዞኑም ወደ ጎል ይጠጋ። የምትሸሸው ኳስ ደግሞ ከጎል ርቃ ትወርዳለች፤ ወደ ፊት እየሮጠ ለሚመጣ አጥቂ ትመቻለች። ያኔ መስመሩ አንድ ሁለት እርምጃ ወጣ ይበል።

በረኛው ይውጣ ወይስ መስመሩ ላይ ይቁም?

የከፋው ግማሽ መንገድ ወጥቶ መመለስ ነው። ከወጣ ይድረስባት፤ ካልደረሰ አይውጣ።

ሲጀምር ቦታው ከጎሉ መሃል፣ ከመስመሩ አንድ እርምጃ ወጣ ብሎ ይሁን። ሰውነቱ ሙሉ ለሙሉ ወደ ኮርነሩ አይዙር። ትንሽ ከፈት ብሎ ሩቁን ቋሚም ያይ። ኳሷ ከተመታች በኋላ ለአፍታ ይጠብቅ፤ የት እንደምትወርድ ሳያይ የሚሮጥ በረኛ ኳሷ በራሱ ላይ ታልፋለች። 5 ከ50 ውስጥ የምትወርድና መንገዱ ክፍት የሆነ ኳስ የሱ ናት። ከዚያ ውጪ ላለችው ተከላካዮቹ አሉ።

የሚጮኸውም እሱ ነው። “የኔ!” ካለ ሁሉም ይተዉለታል፤ ግን ሁለት ሰው ጎሉን ይሸፍንለታል። “አውጡ!” ካለ ሁሉም ይገጫሉ። ጅማ ውስጥ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በአፋን ኦሮሞ ይጣራል፤ ምንም ችግር የለውም። ግን በረኛው የሚጠራባቸውን ሁለት ቃላት ቀድማችሁ ተስማሙና እነሱን ብቻ ተጠቀሙ። እዚያ ግርግር ውስጥ ለማሰብ ጊዜ የለም።

ሰው ከበዛበት ይቦክሳት። በሁለት እጅ፣ ከፍ አድርጎ፣ ወደ ሜዳው ጎን። ወደ መሃል የተቦከሰች ኳስ ለተቃራኒ የተሰጠች ፓስ ናት።

በረኛችንን ከበው ያስጨንቁታል። ፋውል አይደለም?

አጠገቡ መቆም ብቻውን ፋውል አይደለም። ማንኛውም ተጫዋች ሜዳው ላይ የቆመበት ቦታ የራሱ ነው። መግፋት፣ እጁን መያዝ፣ ኳሷን ሳይፈልጉ ወደ እሱ ተጠግቶ መንገዱን መዝጋት ግን ፋውል ነው። ዳኛው ሁልጊዜ አያየውም። ስለዚህ አምበሉ ኮርነሩ ከመመታቱ በፊት በትህትና ዳኛውን ያስታውስ። ከጎል በኋላ መክበብ ግን ቢጫ እንጂ ሌላ አያመጣም።

ከዳኛው በተጨማሪ የራሳችሁን መፍትሔ አብጁ። በረኛው ላይ የሚለጠፈውን አጥቂ የሚያነሳ ጠንካራ ልጅ መድቡ። አጥቂውና በረኛው መካከል ገብቶ ይቁም። ሌላው አማራጭ በረኛው ራሱ ቦታ መቀየር ነው። ኳሷ ከመመታቷ በፊት ወደ ኋላ፣ ወደ ሩቁ ቋሚ ሁለት እርምጃ ቢሸሽ አጥቂው ይከተለዋል። ከዚያ በፍጥነት ወደ ፊት ሲመለስ ክፍት መንገድ ያገኛል።

ቡድናችን አጫጭር ልጆች ናቸው። ምን ተስፋ አለን?

ብዙ። አጭር ቡድን ዞን ላይ ብቻ ከተማመነ ይበላል። ስለዚህ ሰው የሚያጓትቱትን ልጆች ከሦስት ወደ አራት አሳድጉ። ኳሷን ባትገጩትም አጥቂው ተመቻችቶ እንዳይገጭ ማድረግ ይበቃል። የተረበሸ ቴስታ አብዛኛው ወደ ውጪ ነው የሚሄደው።

ሁለተኛው ዘዴ ብዙ ሰው ፊት መተው ነው። አንድ ሳይሆን ሁለት ወይም ሦስት ፈጣን ልጆች መሃል ሜዳ ላይ ተዉ። ተቃራኒው እነሱን የሚጠብቅ ሰው መመለስ አለበት፤ ረጃጅሞቹ ተከላካዮቹም ወደ እናንተ ጎል እንደልብ አይመጡም። ጎሉ ፊት ያለው ሰው ሲቀንስ ለበረኛው መንገድ ይከፈታል። ድፍረት ይጠይቃል፤ አሰልጣኙ ሜዳ ዳር ሆኖ “ሁላችሁም ግቡ!” ብሎ ከጮኸ ዕቅዱ አበቃ።

አጭር ኮርነር ሲጫወቱብን ግራ እንጋባለን።

ሕጉ ኳሷ እስክትመታ ድረስ ከኮርነር ቅስቱ ቢያንስ 9 ሜትር ከ15 እንድትርቁ ያዛል። ስለዚህ ቀርባችሁ መቆም አትችሉም፤ ግን በዚያ ርቀት ላይ አንድ ልጅ ተዘጋጅቶ መጠበቅ ይችላል። ሁለተኛ አጥቂ ወደ ኮርነሩ ሲጠጋ ካያችሁ ሁለተኛ ልጅ ይውጣ። ሁለት ለሁለት ከሆነ ነገሩ አበቃ። ሁለት ለአንድ ከተዋችሁት ክሮሱ ከተሻለ ቦታ ይመጣል።

ማን ይውጣ? ከዞኑ አይውጣ። በ16 ከ50 ጫፍ ላይ ያለው ልጅ ይውጣ፤ ቦታውን ፊት የቀረው ልጅ ተመልሶ ይሸፍን። ይህን ቀድማችሁ ካልተነጋገራችሁ ወይ ሦስት ልጅ ተንጋግቶ ይወጣል ወይ ማንም አይወጣም።

ኮርነር ላይ ኦፍሳይድ አለ?

በቀጥታ ከኮርነሩ በተቀበላት ኳስ ላይ የለም። ከዚያ በኋላ ግን አለ። በተለይ አጭር ኮርነር ላይ መቺው ኳሷን ሰጥቶ ጎል መስመሩ አጠገብ ቆሞ ይቀራል። ኳሷ ተመልሳ ከተሰጠችውና ተከላካዮቹ ወጣ ብለው ከነበረ ኦፍሳይድ ነው። ለዚህ ነው “ውጡ” ሲባል ሁሉም አንድ ላይ መውጣት ያለበት።

ኳሷን ካወጣናት በኋላ ነው ጎል የሚገባብን። ለምን?

ይህ የገጹ ትልቁ ጥያቄ ነው። አብዛኛው ቡድን የመጀመሪያዋን ኳስ ይከላከላል፤ ከዚያ እፎይ ይላል። አደጋው ግን ያኔ ነው የሚጀምረው። ሁሉም ሰው ጎል አፍ ላይ ተሰብስቧል፣ ቦታው ተዘበራርቋል፣ ግማሹ መሬት ላይ ወድቋል።

እ.ኤ.አ. ሜይ 26 ቀን 1999 ባርሴሎና ላይ የተደረገውን የማንቸስተር ዩናይትድና የባየርን ሙኒክ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ አስታውሱ። ባየርን 1 ለ 0 እየመራ ጭማሪ ሰዓት ገባ። ቤካም ኮርነር መታ። የባየርን ተከላካዮች ኳሷን በደንብ አላወጧትም፤ 16 ከ50 ጫፍ ላይ ጊግስ አገኛትና መታት፤ ሼሪንግሃም አቅጣጫ አስቀይሮ አገባት። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ኮርነር መጣ። ሼሪንግሃም ገጨ፣ ሶልሻየር ጨረሰ። ዋንጫው ሄደ። የመጀመሪያውን ጎል ያመጣው ያ የተበላሸ ማውጣት ነው።

ስለዚህ ማውጣት ዘዴ አለው። ከፍ፣ ራቅ፣ ወደ ጎን። ሦስቱንም ካላገኛችሁ ከፍታን ምረጡ፤ ኳሷ አየር ላይ ሳለች እናንተ ቦታ ትይዛላችሁ። ወደ ውጪ መስመር ማስወጣትም ነውር የለውም። አብዶ ለመሥራት የሚሞክር ተከላካይ ግን ተመልካቹን ደስ ያሰኝ እንጂ በረኛውን ያስረጀዋል።

ኳሷ እንደወጣች ሁሉም ወደ ፊት ይሩጥ፤ መስመር ላይ የነበረውም ጭምር። በ16 ከ50 ጫፍ ላይ የቆመው ልጅ ደግሞ ወደ ኳሷ ሄዶ የሚመታውን ይረብሽ። ሌሎቹ ሩጫቸውን ሳያቆሙ አንገታቸውን አዙረው የነበረባቸውን ሰው ይፈልጉ። ኳሷ ከተመለሰች ሥራው እንደገና ይጀምራል።

ቡድናችን ይፈዛል። ኮርነር ሲሰጥብን ከዳኛው ጋር እንጨቃጨቃለን።

እ.ኤ.አ. ሜይ 7 ቀን 2019 አንፊልድ ላይ ባርሴሎና በሊቨርፑል የደረሰበትን ለልጆቹ አሳዩአቸው። የባርሴሎና ተከላካዮች ገና ቦታ ሳይዙ ትሬንት አሌክሳንደር አርኖልድ ከኮርነሩ ዞር ያለ መስሎ ድንገት ተመልሶ መታት። ኦሪጊ ብቻውን ቆሞ አገባት። 4 ለ 0። ሜሲ ያለበት ቡድን ነው የፈዘዘው።

መፍትሔው አንድ ነው። ኮርነር እንደተሰጠ አንድ ልጅ ወዲያው ኳሷን በዓይኑ ይከተል፤ ከኳሷ ዓይኑን አይንቀል። ሌሎቹ ዳኛውን ትተው ወደ ቦታቸው። ጭቅጭቁ ለአምበሉ ብቻ ይተው።

ጅማ ዝናብ አይለቃትም። ጭቃ ሜዳ ላይ ምን እንቀይር?

ብዙ ነገር። እርጥብ ኳስ ከበረኛ እጅ ታዳልጣለች። ስለዚህ ጓንት ያለው ጓንቱን ትንሽ በውኃ ያርጥበው፤ ደረቅ ጓንት እርጥብ ኳስ ላይ የባሰ ያንሸራትታል። ጓንት የሌለው በረኛ ፎጣ ጎሉ ጀርባ ያኑር፤ ከእያንዳንዱ ኮርነር በፊት እጁን ይጥረግ። በዝናብ ቀን ልይዛት ከማለት ቦክሶ ማውጣት ይሻላል። ይዟት ብትወድቅበት ሁለት ተከላካዮች ከፊቱ ሆነው ተመላሿን ይጠብቁለት።

ጎል አፍ ላይ ያለው መሬት መጀመሪያ የሚበላሸው ነው። በረኛው የሚቆምበትና የሚዘልበት ቦታ ጉድጓድ ይሆናል፤ ውኃ ይጠራቀምበታል። ከጨዋታው በፊት ሂዱና በእግራችሁ ነካክታችሁ እዩት። ጠንካራው መሬት የት እንዳለ በረኛው ይወቅ። አጥቂውም ጭቃ ላይ ዘሎ መነሳት ስለሚከብደው ዝናብ ሲመጣ ዞን ከወትሮው የተሻለ ይሠራል።

አንድ ሌላ ነገር፤ ከዝቅተኛ አካባቢ የመጣ ቡድን ካላችሁ ለበረኛው ንገሩት። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ያለች ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ኳሷ እሱ ከለመደው ትንሽ ትፈጥናለች፣ ትንሽም ትርቃለች። የኛ ልጆች አዲስ አበባ ሲሄዱ ደግሞ ተራው የነሱ ይሆናል።

በቀጥታ ከኮርነር ጎል ይቆጠራል?

ይቆጠራል። ሕጉ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ አርጀንቲናዊው ሴሳሬዮ ኦንሳሪ ኡራጓይ ላይ እንዲህ አገባ። ኡራጓይ ያኔ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ስለነበረች፣ እንዲህ ያለው ጎል እስከ ዛሬ የኦሊምፒክ ጎል ይባላል። ቀልድ አይደለም፤ ነፋስ ባለበት ቀን ይከሰታል። ለዚህ ነው በረኛው ቅርቡ ቋሚ ላይ ተለጥፎ መቆም የሌለበት።

በረኛ ኳስ ይዞ ከቆየ ኮርነር ይሰጣል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2025/26 የውድድር ዘመን ጀምሮ በረኛ ኳሷን በእጁ ከ8 ሰከንድ በላይ ከያዘ ለተቃራኒው ኮርነር ይሰጣል። ድሮ 6 ሰከንድ ነበር፤ ቅጣቱም ኢንዳይሬክት (በቀጥታ ጎል የማይቆጠርበት ቅጣት ምት) ነበር፤ ዳኞችም አይነፉትም ነበር። አሁን ዳኛው የመጨረሻዎቹን 5 ሰከንዶች እጁን አንስቶ በጣቱ ይቆጥራል። እየመራችሁ ሰዓት የሚገድል በረኛ ካላችሁ ይህን አስረዱት። ኮርነርን ለመከላከል ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ኮርነር አለመስጠት ነው። ክሮስ ቀድሞ ማቆም፣ ያለ ምክንያት ወደ ጎል መስመር አለማስወጣት፣ እነዚህም የዚሁ ሥራ ናቸው።

ልጄ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቴስታ ይለማመድ?

አይቸኩል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ከ11 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ቴስታን ከልክላለች። እንግሊዝም በ2020 ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በልምምድ ላይ ቴስታ እንዳይሠራ መመሪያ አውጥታለች። ምክንያቱ ጭንቅላት ላይ ተደጋግሞ የሚደርሰው ምት ነው። ትንንሾቹን ቦታ አያያዝ፣ መጮህ፣ ኳስ በእጅ መያዝና በእግር ማውጣት አስተምሯቸው። ውኃ የጠጣ ከባድ ኳስ ለልጅ ጭንቅላት በጭራሽ አትስጡ።

ሙሉ ሜዳ አናገኝም። እንዴት እንለማመድ?

ሙሉ ሜዳ አያስፈልግም፤ አንድ ጎልና አንድ ጎን ይበቃል። መጀመሪያ ያለ ኳስ ጀምሩ። አሰልጣኙ “ኮርነር በቀኝ!” ይበል። ልጆቹ ሮጠው ቦታቸውን ይያዙ፤ እያንዳንዱ ሥራውን ጮክ ብሎ ይናገር። አሰልቺ ነው፤ ግን ይሠራል። ቀጥሎ ኳሷን በእጅ ወርውሩላቸው። በእግር ከተመታ ግማሹ ኮርነር ይበላሻል፤ ጊዜ ይባክናል። በእጅ ሲወረወር ግን የፈለጋችሁበት ቦታ ትወርዳለች፤ ቅርቡ ቋሚ፣ ሩቁ ቋሚ፣ በሁለት ዞን መካከል።

በመጨረሻ በእውነተኛ ምት፣ ከሙሉ አጥቂዎች ጋር ተጫወቱት። ኳሷ ስትወጣ ልምምዱ አይቁም። ወይ አጥቂዎቹ ጎል ያግቡ፣ ወይ ተከላካዮቹ ኳሷን መሃል ሜዳ ያድርሷት፤ ያኔ ነው ፊሽካ የሚነፋው። ከልምምዱ መጨረሻ ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ልጆቹ ደክሟቸው ስለሚሆን ቦታቸውን የሚረሳው ማን እንደሆነ በደንብ ይታያችኋል።